የከበደው ባትሪ

ምንይሉ የሞተው ሐሙስ ቀን፣ ምሳውን በልቶ ሶማሌ ተራ ባለችው ጠባብ ሱቁ ቆጥ ላይ ጋደም እንዳለ ነው። ኢንስፔክተር ብሥራት ሲደርስ ጎረቤቶቹ አውርደው ደጃፉ ላይ በካርቶን አጋድመውታል፤ ፊቱ ላይ ነጠላ ጣል ተደርጎበታል። ብሥራት ነጠላውን ገለጥ አድርጎ አየ። ሰውነቱ ላይ ቃጠሎ የለም። በአፍንጫውና በአፉ ዙሪያ ግን ጥቀርሻ ተለጥፏል። የገደለው እሳቱ ሳይሆን ጭሱ ነው።

ሽታው ገና ከሱቁ አልወጣም። የተቃጠለ ላስቲክና የሚጣፍጥ ነገር የተቀላቀሉበት፣ ጉሮሮ ላይ እንደ ቅባት የሚቀር ሽታ ነበር። ዙሪያውን የተኮለኮለው ሰው አፍንጫውን በእጅጌው ይዞ ያያል። አንዱ ደግሞ ስልኩን ከፍ አድርጎ ይቀርፃል።

«አንተ፣ ስልክህን አውርድ» አለ ብሥራት። «ሰርግ አይደለም።»

ሳጅን ቶላ ማስታወሻውን ይዞ ጠጋ አለ። «ብዙ የሚያስቸግር አይመስለኝም፣ ኢንስፔክተር። ሟቹ የመኪና ኤሌክትሪሻን ነው። ለእሁዱ የመኪና ውድድር ባትሪ እየመረጠ ነበር። ሚስቱ አንዱን ሊቲየም ባትሪ ቻርጀር ላይ ሰክታለት ወጣች። ቻርጀሩ ሦስት ቦታ አለው፤ አንዱ ለተራ ባትሪ፣ አንዱ ለሊቲየም፣ ሦስተኛው ደግሞ የሞተ የአሲድ ባትሪ በኃይል ለማንሳት። እኛ ያገኘነው ሦስተኛው ላይ ነው። ሊቲየሙ ያን ኃይል አልቻለም፣ ነደደ። የሴትየዋ ስህተት ነው።»

ብሥራት ወደ ውስጥ ገባ። መሬቱ ላይ፣ ከቆጡ ሥር፣ ባትሪ የነበረ ጥቁር ድቡልቡል ነገር ተቀምጧል። ፕላስቲኩ ቀልጦ ፈሷል፤ በስንጥቁ ውስጥ ነጭ ዱቄት ይታያል።

«ይሄ ነጩስ?»

«የእሳት ማጥፊያ ይመስለኛል።»

«ይመስልሃል» አለ ብሥራት፣ እና ዱቄቱን በሁለት ጣቶቹ መሃል አሸት አሸት አደረገው። ፊቱ ተለወጠ። ጣቶቹን በመሐረብ ጠረገ፤ ደግሞ ጠረገ።

ብሥራት ሬሳ አያስጠላውም። ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቶበታል። እሱን የሚያስጠላው ሌላ ነገር ነው። አባቱ እህል በረንዳ ነጋዴ ነበሩ፤ ልጅ ሳለ ከእያንዳንዱ ጆንያ እጁን እስከ ክርኑ አስገብቶ ከሥር ያለውን እንዲያወጣ ያደርጉት ነበር። ከላይ ማኛ ጤፍ፣ ከሥር አሸዋ። ከላይ ዱቄት፣ ከሥር ጄሶ። ልጆች የሚበሉትን። እጁን ከእንዲህ ያለ ጆንያ ባወጣ ቁጥር ማታ ራቱ አልወርድ ይለው ነበር፤ ዛሬም አልተወውም።

የምንይሉ ሚስት ማዕረግ ከሱቁ ማዶ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጣለች። አታለቅስም። ቀኝ እጇን ጭኗ ላይ ዘርግታ ታየዋለች፤ የሌላ ሰው እጅ ነው የሚመስለው። አጠገቧ በፌስታል የተጠቀለለ አዲስ ቱታ አለ።

ብሥራት አጎንብሶ ቁመቱን ከእሷ ጋር አስተካከለ። «እህቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። ከመጀመሪያው ንገሪኝ።»

«ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ባትሪውን ሰክቼለት ወጣሁ። እሱ ቆጡ ላይ ወጥቶ ነበር፤ ሁልጊዜ ከምሳ በኋላ አንድ ሰዓት ይተኛል። ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። እኔ ይቺን ቱታ ከሰፊ ላመጣ ተክለ ሃይማኖት ሄድኩ። እሁድ ሊለብሳት…»

«ቻርጀሩን የት ላይ አደረግሽው?»

«መሃሉ ላይ። ሊቲየም የሚለው ላይ። እንዳልሳሳት ብሎ ቀይ ቀለም ቀብቶልኛል።» ቀና ብላ አየችው። «ግን አሁን እንጃ። ሁሉም ተሳስተሻል ሲሉኝ፣ እጄ መሃል ላይ መቆሙ አልታይ አለኝ። ኢንስፔክተር፣ ይንገሩኝ፤ ባሌን የገደልኩት እኔ ነኝ?»

«የማላውቀውን አልነግርሽም» አለ ብሥራት። «ግን አውቀዋለሁ። አውቄም እነግርሻለሁ፣ ደስ ቢልሽም ባይልሽም።»

ራሷን ነቀነቀች። ከሌሎቹ ማጽናኛ ሁሉ ይሄኛው የተሻላት ይመስላል።

«ስትወጪ መሰላሉ የት ነበር?»

«ቆጡ ላይ ተደግፎ። የት ይሆናል?»

«ጠዋት ምን ሲሠራ ነበር?»

«ጀርባውን ሰጥቶኝ የሆነ ዕቃ በሴጌቶ ሲቆርጥ ነበር። ለምሳ ሲመጣ እጁ ዱቄት ያቦካ ሰው እጅ መስሏል። ሁለት ጊዜ ታጠበ። ምንድን ነው ስለው፣ ‹የሚያስጠላ ነገር ነው፣ ምሳ አያስበላሽም፣ ኋላ እነግርሻለሁ› አለኝ። በመሃል ወጥቶ ስልክ ደወለ። ሲናገር ጮኸ። እሱ ጮሆ አያውቅም።»

«የሰው ዕቃ ሲቀበል ይመዘግባል?»

«መዝገብ የለውም። ከሥሩ በካቻቢቴ ሦስት ጊዜ ይጭረዋል፤ የሱ ምልክት ነው። ‹ዕቃዬን ቀየርክብኝ› ብሎ የሚመጣ መዓት ነዋ! ሲጭር አይቶ የሚያውቅ ግን ከኔ በቀር የለም።»

ከምንይሉ ሱቅ ፊት ለፊት እትዬ ዱንያ የአሲድ ባትሪ ትሸጣለች። ስልሳ ዓመቷ ነው፤ አሥራ አምስት ኪሎ ባትሪ በአንድ እጇ አንስታ መደርደሪያ ላይ ታስቀምጣለች። ብሥራት ሲገባ ወንበሩን በእግሯ ገፋ አድርጋ አቀረበችለት።

«ተቀመጥ ልጄ። እኔን ነው የምትጠረጥረው አይደል?»

«ለምን እጠረጥርዎታለሁ?»

«ማንም ሳይነግርህ እኔው ልንገርህ። ረቡዕ ዕለት፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ‹ይሄን ሊቲየም የምትሉትን ቆሻሻ አንድ ቀን ክብሪት እለኩስበታለሁ› ብያለሁ። ወላሂ ብያለሁ። አንስተኸው ወገብህ ካልተሰማህ ምኑን ባትሪ ሆነ? ምንይሉ ሲስቅብኝ ነበር። ‹እትዬ፣ የውድድር መኪና የሚፈልገው ወገብ ሳይሆን ክንፍ ነው› ይለኝ ነበር።» ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ በሻርፗ ጫፍ ጠረገችው። «ጨዋ ሰው ነበር። ልጄን ኤሌክትሪክ ያስተማረው እሱ ነው።»

«እሳቱን በምን አጠፋችሁ?»

«በአሸዋ። ከዛ በጀሪካን ውሃ።»

«በእሳት ማጥፊያስ?»

«የት ያለ እሳት ማጥፊያ! በዚህ ተራ እሳት ማጥፊያ ያለው አንድ ሰው ብታገኝ ባትሪ በነጻ እሰጥሃለሁ።»

ሳጅን ቶላ በር ላይ ቆሞ ማስታወሻው ላይ አንድ መስመር ሰረዘ።

«ወደ ቆጡ ማን ወጣ?»

«ናሆም፣ የውድድር መኪናው ነጂ። መሰላሉን ያቆምኩለት ግን እኔ ነኝ። መሬት ላይ በቁመቱ ተጋድሞ ነበር። በጭሱ ውስጥ አደናቀፈኝ፤ ይኸው ቅልጥሜን እየው።»

ብሥራት ቅልጥሟን አላየም። ቶላን ነው ያየው። ቶላም ገብቶታል። ማዕረግ ቆሞ የተወችው መሰላል ብቻውን አይተኛም።

«መብራት ጠፍቶ ነበር?»

«ስድስት ሰዓት ከአርባ ላይ ሄደ፤ ሰባት ከሩብ ላይ መጣ። በመሃል ተራው ሁሉ ጄኔሬተር አስነሳ፤ ጆሮ አይሰማ፣ ዓይን አያይ። ጭሱን ያየነው መብራቱ ከመጣ አሥር ደቂቃ ቢሆነው ነው።»

«ጠዋት ወደ ምንይሉ ማን መጣ?»

«አንድ የላዳ ሹፌር፣ ባትሪ ተሸክሞ፣ እየተራገመ። ‹ሦስት ሳምንት ሳይሞላው ሞተ› ሲል ሰማሁት። የሊቲየም ሻጩ የአለሙ ዕቃ ነው። አለሙ ሊቲየም ያመጣ ጊዜ፣ ልንገርህ፣ ሰው አንስቶ ‹ይሄማ ባዶ ነው› እያለ ይመልስለት ነበር። ስድስት ወር አቧራ ጠጣ። አሁን ግን ይሸጥለታል፤ እኔ እንጃ፣ ሰው ምን እንደነካው!»

የአለሙ ሱቅ ንጹሕ ነው። ወለሉ የተወለወለ፣ ባትሪዎቹ በየሳጥናቸው የተደረደሩ፣ ግድግዳው ላይ የመላእክት ሥዕል። አርባ አምስት ዓመት ገደማ ይሆነዋል፤ ድምፁ ለስላሳ ነው። ለኢንስፔክተሩ የታሸገ ውሃ ከፈተለት።

«ልቤ ተሰብሯል» አለ። «ከሰውየው ሞት በላይ፣ ይቅርታ፣ ከሱ ጋር ማለቴ ነው፣ የነደደው የኔ ዕቃ መሆኑ። ለናሙና የሰጠሁት እኔ ነኝ። ከነገ ጀምሮ ማን ከኔ ይገዛል? ኢንስፔክተር፣ እርስዎ አስተዋይ ሰው ነዎት፤ ሊቲየም ሲነድ የሚደሰት ማን እንደሆነ ይጠይቁ። እኔ የሰው ስም አላነሳም።» እያለ በመስኮቱ ወደ እትዬ ዱንያ ሱቅ አየ።

«ዛሬ ምንይሉ ደውሎልዎት ነበር?»

«ስለ ዋጋ። ቅናሽ ፈልጎ።»

«ጭሱ ሲነሳ የት ነበሩ?»

«ምሳ ቤት። አስተናጋጇን ጸሎትን ይጠይቋት። ጭስ ሲባል ምግቤን ጥዬ ነው የሮጥኩት።»

ጸሎት ጠረጴዛ እየጠረገች ነው የመለሰችው። «ጋሽ አለሙ? መጥቷል። ጄኔሬተራችን ከተነሳ በኋላ ነው የገባው፤ ሰባት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው። ደረቅ ጥብስ አዘዘ። ጨርሶ ደገመ። ሁሌ አንድ ነው የሚበላው፣ ዛሬ ርቦት ነው መሰለኝ። መብራቱ ሲመጣ ሰዓቱን አይቶ ‹ተመስገን› አለ። ሁላችንም ብለናል።»

ናሆም የመጣው ማምሻውን ነው። የሃያ ስምንት ዓመት ወጣት፣ ዓይኑ በጭስና በልቅሶ የቀላ። የሚወዳደርበት መኪና አሮጌ ዲኤክስ ነው፤ ከቆጡ ሥር ከነደደው ባትሪ ሃያ እርምጃ ርቆ ኮፈኑን ከፍቶ ቆሟል። ውስጡ የኋላ ወንበር የለም፣ ምንጣፍ የለም፣ ሬዲዮ የለም።

«ረቡዕ ተጣልታችኋል አሉ» አለ ብሥራት።

«ጮህኩበት። ባትሪውን አስገባልኝ አልኩት፤ ሳልፈትሽ አላስገባም አለኝ። እሁድ ደርሷል! ከመኪናው አንድ ኪሎ ለመቀነስ የበሩን እጀታ ሳይቀር ፈትቻለሁ። የአሲዱ ባትሪ አሥራ አራት ኪሎ ነው፤ አፍንጫዋ ላይ ተጭኖ ኩርባ ላይ አላዞር ይላታል። ሊቲየሙ አራት ኪሎ ነው። አሥር ኪሎ በአንድ ዕቃ!»

«ታዲያ ምን ይፈትሻል? ቀላሉን መምረጥ ነው እንጂ።»

ናሆም በልቅሶው መሃል ፈገግ አለ። «እኔም ያልኩት እሱን ነው። ‹ቀላል ሁሉ ጥሩ አይደለም› አለኝ። በማለዳ ብርድ ሞተሪኖውን ያዞራል ወይ? ዲናሞው የሚልክለትን ኃይል ይችላል ወይ? ከሁሉ በላይ ደግሞ ውስጡ ጠባቂ ሰሌዳ አለው ወይ? ኃይል ሲበዛበት ራሱን የሚያጠፋ። አለሙ ራሱ ሊሸጥልን ሲል አሥር ጊዜ የማለው በሱ ነው። ምንይሉ ግን በመሐላ አይገዛም።» ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አሳየው። ባትሪው ሚዛን ላይ ተቀምጧል፤ የተለጠፈበት ፕላስተር ላይ በማርከር «4 ኪሎ ከ200» ተጽፏል። «ረቡዕ ማታ ላከልኝ። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ደውሎ፣ ‹ከውድድር ክበባችሁ ልጆች እኔ ሳልፈትሸው ማንም ባትሪ እንዳያስገባ፤ አንድ የሚያስጠላ ነገር አግኝቻለሁ› አለኝ። አሥራ ሁለት መኪና ነን። አሥራ ሁለታችንም ከአለሙ ልንገዛ ነበር።»

ብሥራት ፎቶውን ረጅም ጊዜ አየ። ከዚያ ቶላን ጠርቶ የነደደውን ነገር በጆንያ አስይዞ ወደ እትዬ ዱንያ ሚዛን ሄደ። ቶላ ቁጥሩን ሲያነብ ድምፁ ተቀየረ። ብሥራት አላስደገመውም። ቧንቧ ስር ሄዶ እጁን ታጠበ፤ አደረቀና እንደገና ታጠበ።

ከመሄዱ በፊት አለሙ ሱቅ በር ላይ ቆም አለ። «ነገ ሦስት ሰዓት ላይ እትዬ ዱንያ ሱቅ እንሰባሰባለን። ከሊቲየሞችዎ አንድ ይዘው ቢመጡልኝ? ሰው ሁሉ ዕቃዎ ምን እንደሆነ እንዲያይ ነው። ጥሩውን ያምጡ።»

የአለሙ ፊት በራ። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ጥሩውን ነው የማመጣው።»

ዓርብ ሦስት ሰዓት ላይ ሁሉም ነበሩ። እትዬ ዱንያ ሚዛኗ አጠገብ ቆማለች። ናሆም በር ተደግፏል። ማዕረግ ጥቁር ለብሳ፣ ሁለት የለቅሶ ጎረቤቶች ደግፈዋት መጥታ ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ ቀኝ እጇን በነጠላዋ ውስጥ ደብቃለች። አለሙ ባትሪውን ከሳጥኑ በጥንቃቄ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ሳጅን ቶላ በሩን ገርበብ አድርጎ ከደጅ ቆመ።

«አቶ አለሙ፣ ይሄ ባትሪ ኃይል ቢበዛበት ምን ይሆናል?»

«ምንም! ጠባቂ ሰሌዳ አለው።»

«እንሞክረው?»

«ይሞከር! እኔም የምፈልገው እሱን ነው።»

ናሆም የእትዬ ዱንያን ቻርጀር አመጣ፤ ከምንይሉ ጋር አንድ ዓይነት ነው። መቆንጠጫዎቹን አያያዘና ማዞሪያውን ሦስተኛው ላይ አደረገው፣ የሞተ ባትሪ ማንሻው ላይ። ማዕረግ ከወንበሯ ብድግ አለች። ጎረቤቶቿ ያዟት።

ጠበቁ። ከባትሪው ውስጥ ቀጭን «ቀጭ» የሚል ድምፅ ተሰማ፤ የቻርጀሩ መርፌ ወደ ዜሮ ወደቀ። አምስት ደቂቃ፣ አሥር ደቂቃ። ምንም የለም።

«አያችሁ!» አለ አለሙ፣ ወደ ሰዉ ዞሮ። «ራሱን አጠፋ! ዕቃዬ ንጹሕ ነው። ይኸው በዓይናችሁ አያችሁ።»

«አየን» አለ ብሥራት። «እንግዲያው ትናንት የነደደው ምንድን ነው?»

አለሙ ዓይኑን ወደ በሩ ወሰደ።

«አብረን እንሂድ፤ ቀስ ብለን» አለ ብሥራት። «ማዕረግ የሰካችው ባትሪ ይሄን መሳይ ነው። ተሳስታ ሦስተኛው ላይ ብታደርገው እንኳ ራሱን ያጠፋል እንጂ አይነድም። አሁን በዓይናችን አየን። ስለዚህ የነደደው እሷ የሰካችው አይደለም። ይሄ አንድ። ሁለተኛ፣ ምንይሉ የመዘነው ባትሪ አራት ኪሎ ከሁለት መቶ ነው፤ ፎቶው አለ። እትዬ ዱንያ፣ ትናንት በእርስዎ ሚዛን የተቃጠለው ስንት ሆነ?»

«ስድስት ኪሎ ከሦስት መቶ።»

«ነዶ ክብደት የሚጨምር ዕቃ አላውቅም። ባትሪው ተቀይሯል። ሦስተኛ፣ ነጩ ዱቄት። የእሳት ማጥፊያ ነው አልን፤ እሳት ማጥፊያ ግን አልነበረም። ጄሶ ነው። እኔ ጄሶ በጣቴ የለየሁት የስምንት ዓመት ልጅ ሳለሁ ነው። የተጣሉ የላፕቶፕ ባትሪዎች ለቅመው፣ ያለ ምንም ጠባቂ አሥረው፣ የቀረውን ባዶ ቦታ በጄሶ ሞልተውታል።»

«አስተግፊሩላህ» አለች እትዬ ዱንያ።

«ታዲያ ሊቲየም ባትሪ ውስጥ ክብደት የሚጨምር ማነው? ናሆም አይደለም፤ እሱ ለአንድ ኪሎ ብሎ የበር እጀታ ፈትቷል። እትዬ ዱንያም አይደሉም፤ እርስዎ ሊቲየም ቀላል ሆኖ ሰው እንዲስቅበት ነው የሚፈልጉት።»

«ልክ ነህ» አለች ሴትዮዋ፣ ሳታፍር።

«ሊቲየም እንዲከብድ የሚፈልግ አንድ ሰው ብቻ ነው። ገዢው እያነሳ ‹ባዶ ነው› ብሎ የመለሰበት ሰው። የዚህ ገበያ ሰው ባትሪ በዓይኑ አይገዛም፣ በክንዱ ነው። ባትሪው ለክንድ እንዲከብድ ተደረገ፤ ተሸጠም። ለላዳ ሹፌር፣ ለባጃጅ፣ ለማን እንደሆነ ገና አላወቅንም። የላዳው ሹፌር የሞተበትን ወደ ምንይሉ አመጣ። ምንይሉ በሴጌቶ ከፈተው። እጁ ነጭ ሆነ። ደወለልህ።» ብሥራት እስካሁን አንቱ ይለው የነበረውን ሰው አሁን አንተ አለው፤ በክፍሉ ውስጥ ይሄን ያልሰማ የለም። «ስለ ቅናሽ አልነበረም።»

«እኔ ምሳ ቤት ነበርኩ» አለ አለሙ። ለስላሳው ድምፅ ሰለለ። «እሳቱ ሲነሳ ምሳ ቤት ነበርኩ። ምስክር አለኝ።»

«ነበርክ። እሳቱ የተነሳው ግን መብራት ሲመጣ ነው፤ ሥራህን የሠራኸው ጠፍቶ ሳለ ነው። ተራው በጄኔሬተር ጩኸት ታፍኗል። ልትለምነው ይሁን ልታስፈራራው አላውቅም፣ ገባህ። ተኝቷል። የተቆረጠው ባትሪ ወለሉ ላይ አለ። ደህናውን ከቻርጀሩ ፈታህ፣ የተቆረጠውን አሰርክ፣ ማዞሪያውን ሦስተኛው ላይ አደረግህ። እስከዚህ ድረስ ማስረጃህን ማጥፋት ነው የፈለግኸው ልል እችል ነበር። ግን ስትወጣ መሰላሉን አስተኛኸው።»

ናሆም ከበሩ ተነቃነቀ፤ እትዬ ዱንያ በአንድ እጇ ደረቱን ይዛ መለሰችው።

«ከዚያ ወደ ምሳ ቤት ሄድክ» አለ ብሥራት። «መብራት እስኪመጣ ሃያ ደቂቃ ነበረህ። ሃያ ደቂቃ ሙሉ ሰውየው በሕይወት ነበር። ተነስተህ መሰላሉን ማቆም ትችል ነበር። አንተ ጥብስህን ደገምክ።»

ከውጭ የተሸካሚዎች «ዞር በል! ዞር በል!» ይሰማል።

«ይሄ ሁሉ ወሬ ነው» አለ አለሙ በመጨረሻ። «ማስረጃ የለህም።»

«አንተው አምጥተህልኛል። ጥሩውን አምጣ ብዬህ ነበር። ሱቅህ ውስጥ ጥሩ የሆነው አንድ ብቻ ስለነበር እሱን አመጣህ። ሰው ሲታፈን አልከበደህም፤ ደህና ባትሪ ሲነድ ማየት ግን አንጀትህ አልቻለም። ፕላስተሩን ልጠህ፣ ወልውለህ፣ መደርደሪያህ ላይ መለስከው።» ብሥራት ባትሪውን ከቻርጀሩ ፈትቶ ገለበጠው። «ማዕረግ፣ ይሄ የማን ምልክት ነው?»

ከሥሩ፣ ጥግ ላይ፣ በካቻቢቴ የተጫሩ ሦስት አጫጭር መስመሮች አሉ።

«የምንይሉ» አለች።

ቶላ ከደጅ ገብቶ የአለሙን ክንድ ያዘ። ሌሎች ፖሊሶች ከአለሙ ሱቅ ጓዳ ጄሶ የተሞሉ ዘጠኝ ባትሪዎች እያወጡ በር ላይ ሲደረድሩ ይታያል። አለሙ አላለቀሰም፣ አልማለም። ሊወጣ ሲል ግን ዞር አለና ጠረጴዛውን አየ።

«ባትሪው» አለ። «እሱ የሱቄ ዕቃ ነው። በስሜ ይመዝገብልኝ።»

ብሥራት ጉሮሮው ላይ የትናንቱ ሽታ ተመልሶ መጣበት። በእጁ ብቻ ሰውየውን «ውሰደው» የሚል ምልክት ለቶላ ሰጠ።

እትዬ ዱንያ በሩ ላይ ተፋች።

ሰው ሁሉ ወደ ደጅ ሲወጣ ማዕረግ ቀረች። ጠረጴዛው አጠገብ ቆማ ባትሪውን ታያለች።

«እነግርሻለሁ ብዬሽ ነበር» አለ ብሥራት። «እጅሽ መሃሉ ላይ ነበር ያቆመው፤ እኔ አምናለሁ። ግን እኔን ማመን አይጠበቅብሽም። ተሳስተሽ ቢሆን እንኳ ይሄ ባትሪ አይነድም ነበር።»

«ሦስተኛው ላይ ነበር?» አለች። «አሁን ሲሞክሩት፣ ሦስተኛው ላይ?»

«ሦስተኛው ላይ። አንቺም እያየሽ።»

ማዕረግ ቀኝ እጇን ከነጠላዋ ውስጥ አወጣች። ጥቂት አመነታች። ከዚያ መዳፏን ባትሪው ላይ አኖረችና ዝም ብላ ቆየች።

«ቀዝቃዛ ነው» አለች፤ ያን ጊዜ ማልቀስ ጀመረች።